ማኖር ወይስ ማሰር?

እንስሳን መውደድ ቀላል ነው፤ ማኖር ግን ከባድ ነው። መውደድ የወዳጁን ስሜት ብቻ ይጠይቃል፤ ማኖር ግን የሚኖረውን ፍጡር ተፈጥሮ ማወቅን፣ ያወቁትንም በየዕለቱ ሳይሰለቹ መፈጸምን ይጠይቃል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሳይገነዘብ አንድን የዱር እንስሳ ከዛፉ ላይ አንሥቶ ወደ ቤቱ የሚያስገባ ሰው፣ አሳዳሪ የሆነ መስሎት አሳሪ ሆኖ ይገኛል። ይህን አሳብ ለማስረዳት በምሳሌነት የመረጥኩት እስስትን ነው።

እስስት በአገራችን መልካም ስም የላትም። አቋሙን ቶሎ ቶሎ የሚለውጥ፣ ዛሬ የተናገረውን ነገ የሚክድ ሰው «እንደ እስስት የሚለዋወጥ» ይባላል። ብዙ ሰው ሲያያት ይሸሻታል፤ አንዳንዱም በድንጋይ ይወግራታል። በአውሮፓና በአሜሪካ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ እስስት በገንዘብ የምትገዛ፣ በሳሎን ጥግ የምትቀመጥ የቤት እንስሳ ከሆነች ብዙ ዘመን አልፏል። እንግዲህ አንዱ ይጠላታል፤ ሌላው ይወዳታል። ነገር ግን ጠላቷ በድንጋይ እንደሚገድላት ሁሉ፣ ወዳጇም ባለማወቁ ሊገድላት ይችላል። ልዩነቱ የድንጋዩ ሞት ፈጣን፣ የፍቅሩ ሞት ግን አዝጋሚ መሆኑ ብቻ ነው።

ይህን የምለው ከሩቅ በሰማሁት ነገር ላይ ብቻ ተመርኩዤ አይደለም። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በአጥር ቁጥቋጦ ላይ አንዲት አረንጓዴ እስስት አገኘሁ። ጓደኞቼ ድንጋይ ሲያነሡ እኔ ከለከልኳቸው፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮም ራሴን እንደ ባለውለታዋ ቆጠርኩ። ከቅርንጫፏ አላቅቄ ወደ ቤት ወሰድኳትና በጫማ ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኳት። ለምግቧ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ለመጠጧ በጣሳ ክዳን ውኃ አቀረብኩላት። እንዳይበርዳት በማለትም ሌሊት ሌሊት ካርቶኑን ከምድጃው አጠገብ አኖር ነበር። ቀን ቀን እያወጣሁ ለጎረቤት ልጆች አሳየኋት፤ ከእጅ ወደ እጅም ተዘዋወረች። ቀለሟ እየጠቆረ ሲሄድ «ተመልከቱ፣ ተለዋወጠች!» እያልን በደስታ እንጮህ ነበር። እንጀራውንም ሆነ ውኃውን አልነካችም። ዓይኖቿ እየጎደጎዱ ሄዱ። በሰባተኛው ቀን ጧት ካርቶኑን ስከፍት ሞታ አገኘኋት።

በልቅሶዬ መካከል አያቴ ቀረብ አሉና፣ «መውደዱንስ ወደድካት ልጄ፤ ምን እንደምትፈልግ ግን መቼ ጠየቅኻት?» አሉኝ። በዚያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም። እስስት በምን አፏ ትመልስልኛለች ብዬ በልቤ ታዘብኳቸው። ዛሬ ግን የአያቴ ጥያቄ ትክክለኛ እንደነበረ፣ መልሱም በእስስቲቱ አካል ላይ በግልጽ ተጽፎ እንደነበረ ተረድቻለሁ። የጎደለው መልስ ሳይሆን ጠያቂ ነበር። እስቲ አሁን፣ ቢዘገይም፣ ያን ጥያቄ እንጠይቃት።

በመጀመሪያ የአካሏን አሠራር እንመልከት። እስስት ከእንሽላሊት ወገን ስትሆን፣ በዓለም ላይ ከ200 የሚበልጡ ዝርያዎች አሏት። ከእነዚህም ውስጥ ግማሽ ያህሉ የሚገኙት በማዳጋስካር ደሴት ነው። የእግሮቿ ጣቶች በአንድ ወገን ሁለት፣ በሌላው ወገን ሦስት እየሆኑ የተጣበቁ ስለሆኑ ቅርንጫፍን እንደ ጉጠት አጥብቀው ይይዛሉ። የብዙዎቹ ዝርያዎች ጅራት ተጠምዞ በእንጨት ላይ ስለሚጠመጠም እንደ አምስተኛ እጅ ያገለግላል። ዓይኖቿ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ፣ አንዱ ወደ ፊት ሲያይ ሌላው ወደ ኋላ ይመለከታል። ምላሷ ሲወረወር ከአካሏ ርዝመት የሚበልጥ ርቀት ላይ ያለውን ነፍሳት ለቅሞ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚነግረን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ይህች ፍጡር የምድር ሳይሆን የቅርንጫፍ ነዋሪ፣ የሩጫ ሳይሆን የትዕግሥት አዳኝ መሆኗን ነው። እንግዲህ ወለሉ ጠፍጣፋ፣ ግድግዳው ድፍን በሆነ የጫማ ካርቶን ውስጥ እንዲህ ያሉ እግሮች ምን ይጨብጣሉ? እንዲህ ያሉ ዓይኖችስ ምን ያያሉ?

በውጭ አገር ቤቶች በብዛት የምትገኘው የየመን እስስት ናት። የትውልድ ስፍራዋ የመንና የሳውዲ ዐረቢያ ደቡብ ምዕራባዊ ክፍል ሲሆን፣ በራሷ ላይ እንደ ራስ ቁር ከፍ ብሎ የቆመ አጥንት አላት። ስለ እርሷ አያያዝ በቂ ዕውቀት ያላቸው ሰዎች ለአንዲት ሙሉ እስስት የሚያዘጋጁት ቤት ቢያንስ ወርዱ 60፣ ጎኑ 60፣ ቁመቱ 120 ሳንቲ ሜትር የሆነ ነው። ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥበት ምክንያት አለው። እስስት ስጋት የሚለቃት ከፍ ብላ ስትቀመጥና ወደ እርሷ የሚመጣውን ሁሉ ቁልቁል ስታይ ነው። ስለሆነም ቤቷ በወለል ላይ ሳይሆን በጠረጴዛ ወይም በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ግድግዳው አየር እንዲመላለስበት ከሽቦ ወንፊት ይሠራል። በውስጡም ውፍረታቸው የተለያየ ቅርንጫፎች አግድምና ሽቅብ ይዘረጋሉ። ሕይወት ያላቸው ተክሎች፣ ለምሳሌ የዋርካና የሾላ ዘመድ የሆነው ፊከስ ወይም ሂቢስከስ፣ ይተከሉበታል። ቅጠሉ ለጌጥ የሚሆን አይደለም፤ መሸሸጊያዋ ነው። መደበቂያ የሌለው እንስሳ ሁልጊዜ በፍርሃት እንደሚኖር ልብ ይሏል።

በዚህ ቤት ውስጥ የሚኖረው አንድ እንስሳ ብቻ መሆን አለበት። ሰዎች «ብቻዋን ትተክዛለች» ብለው ሁለተኛ እስስት ያመጡላታል። ይህ የሰውን ጠባይ ለእስስት መስጠት ነው። እስስት ብቸኛ ኗሪ ናት። የሌላዋን እስስት መልክ ዘወትር ማየት ብቻ እንኳ ያስጨንቃታል፤ የራሷን ምስል በመስታወት ስታይም ባላጋራ የመጣ ይመስላታል። እኛ ጓደኛ ብለን የሰጠናት ለእርሷ ጠላት ነው።

ከቤቱ ቀጥሎ የሙቀት ጉዳይ ይመጣል። ሰው የሰውነቱን ሙቀት ከሚበላው ምግብ በራሱ ያመነጫል። እስስት ግን ሙቀትን የምታገኘው ከአካባቢዋ ነው። ሲበርዳት ጎኗን ለፀሐይ ሰጥታ ትሞቃለች፤ ሲበዛባት ወደ ጥላ ትገባለች። ስለዚህ እስስትን ማሞቅ ማለት ቤቱን በሙሉ ማጋል ሳይሆን፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ስፍራ ሰጥቶ ራሷ እንድትመርጥ ማድረግ ማለት ነው። ለየመን እስስት ከላይኛው ቅርንጫፍ በአንዱ ላይ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ የመሞቂያ ቦታ በአምፖል ይዘጋጃል። የቀረው የቤቱ ክፍል ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ቢሆን ይበቃል። ሌሊት ደግሞ አምፖሉ ይጠፋል፤ ሙቀቱም ወደ 20 ዲግሪና ከዚያም በታች እንዲወርድ ይደረጋል። በተፈጥሮ ሌሊት ጨለማና ቀዝቃዛ እንደሆነ ሁሉ፣ ለእርሷም እንቅልፍ የሚስማማው ጨለማና ቅዝቃዜ ነው። እኔ ግን በርኅራኄ ምክንያት ሌሊቱን ከምድጃ አጠገብ አስቀምጬ ዕረፍት ነሥቻታለሁ።

የሙቀቱ ልክ ለሁሉም ዝርያ አንድ እንዳልሆነ ደግሞ መታወቅ አለበት። ወንዱ በግንባሩ ላይ ሦስት ቀንድ ያለው የጃክሰን እስስት የኬንያና የታንዛኒያ ተራሮች ተወላጅ ነው። ይህ የደጋ እንስሳ ስለሆነ ለየመኗ እስስት የተስማማው ሙቀት ለእርሱ ይበዛበታል። ቀን ከ27 ዲግሪ የማይበልጥ፣ ሌሊትም እስከ 10 ወይም 15 ዲግሪ የሚወርድ አየር ይሻል። «እስስት የሙቅ አገር እንስሳ ናት» በሚል ደፍጣጭ አነጋገር ሁሉንም በአንድ አምፖል ሥር የሚያስቀምጥ ሰው፣ የደጋውን ገበሬ በሬ ቆላ አውርዶ ለምን ደከመ ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ይቆጠራል። ከዚህም ሌላ ሙቀት በግምት አይሠራም። አምፖሉ ከወንፊቱ ውጭ፣ ጀርባዋን ከማያቃጥልበት ርቀት ላይ ይሰቀላል፤ የሙቀት መለኪያውም እርሷ በምትቀመጥበት ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ይነበባል። የሰው መዳፍ መለኪያ አይደለም።

ብርሃን ደግሞ ከሙቀት ተለይቶ የሚታይ ጉዳይ ነው። ፀሐይ ለእስስት ሙቀትን ብቻ አትሰጥም፤ በዓይናችን የማናየው አልትራቫዮሌት የሚባል ጨረርም ትሰጣለች። ይህ ጨረር በቆዳዋ ላይ ሲያርፍ ሰውነቷ ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ ቫይታሚኑም ካልሲየም የተባለው ንጥረ ነገር ከምግብ ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አጥንት እንዲደርስ ይረዳል። ጨረሩ ሲጓደል አጥንቷ ይለሰልሳል፤ እግሮቿ ይጎብጣሉ፤ መንጋጋዋ ይላላል፤ በመጨረሻም ቅርንጫፍ መጨበጥ ያቅታታል። በመስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ይበቃል የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ተራ የመስኮት መስታወት ብርሃኑን እያሳለፈ የሚያስፈልጋትን ጨረር ያስቀራል። ስለሆነም በቤት ውስጥ የሚያኖሯት ሰዎች ይህን ጨረር የሚሰጥ ልዩ አምፖል በቀን 12 ሰዓት ያህል ያበራሉ። አምፖሉ ለዓይን እንደበራ እያለ ጨረሩ ግን እየደከመ ስለሚሄድ፣ እንደ ዓይነቱ በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ ይለውጡታል። እንግዲህ የማይታይ ነገር ሲጎድል ማየት የሚችለው አስቀድሞ የተማረ ሰው ብቻ ነው።

ውኃና ምግብም የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። በዱር ያለች እስስት የምትጠጣው ጤዛንና የዝናብ ጠብታን ከቅጠል ላይ እየላሰች ነው። በሣህን የተቀመጠ የረጋ ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ መሆኑ አይታያትም። ካርቶኑ ውስጥ ያኖርኩት የጣሳ ክዳን ሳይነካ የቀረው ስለዚህ ነበር፤ የዓይኖቿ መጎድጎድም የውኃ ጥም ምልክት ነበር። ስለዚህ ቅጠሎቹ ጧትና ማታ በውኃ ይረጫሉ፤ ወይም ጠብ ጠብ የሚል ውኃ ከላይ ይንጠለጠላል። በመካከሉ ቤቱ እንዲደርቅ ጊዜ ይሰጣል፤ ሁልጊዜ የረጠበ ቤት ሻጋታና በሽታ ይወልዳልና። ምግቧን በተመለከተ፣ እስስት የምታድነው የሚንቀሳቀሰውን ነው። ፌንጣ፣ አንበጣና ትል ይሰጧታል። እነዚህም ነፍሳት ራሳቸው አስቀድመው ጎመንና ሌላ ቅጠላ ቅጠል እንዲመገቡ ይደረጋል፤ የካልሲየም ዱቄትም ይነሰነስባቸዋል። የራበው ፌንጣ ለእስስት ባዶ ከረጢት ነው።

አሁን ወደ አያያዝ እንምጣ። በዚህ ጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞ መስተካከል ያለበት ስለ ቀለሟ ያለን አስተሳሰብ ነው። ብዙዎቻችን እስስት ከተቀመጠችበት ነገር ጋር ለመመሳሰል ስትል ቀለሟን እንደምትለውጥ እናምናለን። ሳይንስ የሚለው ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2015 በስዊዘርላንድ የጄኔቭ ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች በአንድ የማዳጋስካር እስስት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በቆዳው ሴሎች ውስጥ በሥርዓት የተደረደሩ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎች እንዳሉ አሳዩ። እንስሳው ረጋ ሲል ክሪስታሎቹ ይቀራረባሉ፤ ሲቆጣ ወይም ሲነቃቃ ይራራቃሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲለወጥ የሚያንጸባርቁት ብርሃን ስለሚለወጥ ቀለሙ ይለወጣል። እንግዲህ የእስስት ቀለም ካባ ሳይሆን ንግግር ነው። ቀለሟን የምትለውጠው በይበልጥ ባላጋራዋን ለማስፈራራት፣ ተጓዳኟን ለመጥራት ወይም ለመከልከል፣ እንዲሁም የፀሐይን ሙቀት ለመሳብ ነው። በዚህ አኳያ ሲታይ ምሳሌያዊ አነጋገራችን በድሏታል። አቋሙን የሚለዋውጥ ሰው ቀለሙን የሚለውጠው ልቡን ለመሸሸግ ነው፤ እስስት ግን የውስጧን ለመናገር ነው። በልጅነቴ «ተለዋወጠች!» እያልን በደስታ ስንጮህባት፣ እርሷ በጥቁር ቀለሟ «ተዉኝ» እያለች ነበር።

ይህን ቋንቋ የተረዳ ሰው እስስትን እንደ ድመት ግልገል በጭኑ ላይ ላኑራት አይልም። ሲነኳት ብትጠቁር፣ አካሏን ብትነፋ፣ አፏን ከፍታ እፍ ብትል ፈርታለች ማለት ነው። ፍርሃት ሲደጋገም ምግብ ያስተዋታል፤ ለበሽታም ያጋልጣታል። ስለዚህ ቤቷን ለማጽዳት ወይም ጤንነቷን ለመመርመር ካልሆነ በቀር አትነካም። መንካት ሲያስፈልግ ከላይ ወደ ታች መንጠቅ አይገባም፤ ከላይ የሚመጣ ነገር ለእርሷ ጭልፊት ነው። መዳፍን ወይም ዱላን ከፊቷ ዝቅ አድርጎ ማቅረብና ራሷ እስክትወጣ መታገሥ ነው። ጅራቷን መጎተት፣ የጨበጠውን እግሯን በኃይል ማላቀቅ አጥንትና ጥፍር ይሰብራል። ከነኩ በኋላም እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል፤ እንሽላሊቶችና የመሳሰሉት ለሰው ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጡ ተሕዋስያን ሊኖሩባቸው ይችላሉና። በአጭሩ፣ እስስት የምትታይ እንጂ የምትዳሰስ እንስሳ አይደለችም።

አንድ ነገር ልጨምር። የየመን እስስት ሴቷ ወንድ ባይኖርም እንኳ ዕንቁላል ትሠራለች፤ በአንድ ጊዜም በአሥር የሚቆጠሩ ዕንቁላሎች ልትጥል ትችላለች። የምትጥለውም እርጥበት ባለው አሸዋ ወይም አፈር ውስጥ ጉድጓድ ቆፍራ ነው። የምትቆፍረው አፈር ካላገኘች ዕንቁላሉ በሆዷ ይቀርና ልትሞት ትችላለች። አንድ ባልዲ እርጥብ አሸዋ ማዘጋጀት ምን ያህል ቀላል ነው! ያን ባለማወቅ የሚጠፋው ሕይወት ግን አይመለስም።

ይህን አስተያየት የሚቃወሙ ሰዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። አንዳንዶች «ይህ ሁሉ ልክና መለኪያ ለአንዲት እንሽላሊት?» ይላሉ። መልሴ አጭር ነው። ልኩን የፈጠርነው እኛ አይደለንም፤ ከዛፉ ስናወርዳት ፀሐዩን፣ ጤዛውን፣ ነፋሱንና ሌሊቱን የነጠቅናት እኛ ነን። የነጠቁትን መተካት ችሮታ ሳይሆን ዕዳ ነው። ሌሎች ደግሞ «እንስሳን በቤት ማኖር ልጆችን ርኅራኄና ኃላፊነት ያስተምራል፤ ከእስስት ጋር ያደገ ልጅ በድንጋይ አይወግራትም» ይላሉ። በዚህ አሳብ ውስጥ እውነት አለ። ስለ እስስት በሽታና አመጋገብ ዛሬ ከምናውቀው ብዙው የተገኘው በጥንቃቄ ካኖሯት ሰዎች ነው። ከዱር ሳይነጠቅ በሰው እጅ ተወልዶ ያደገ እንስሳ ገዝቶ፣ ከላይ የዘረዘርኩትን ሁሉ አሟልቶ፣ የእንስሳ ሐኪም አዘጋጅቶ ለሚያኖር ሰው ተቃውሞ የለኝም። የምቃወመው በአንድ ቀን ስሜት ተነሥቶ የብዙ ዓመት ኃላፊነት የሚሸከመውን ነው። «የማያዘልቅ ጸሎት ለቅስፈት» እንዲሉ፣ የማይዘልቁትን መጀመር ካለመጀመር የከፋ ነው። ርኅራኄንም ቢሆን በካርቶን ውስጥ ቀስ በቀስ የምትሞት እስስት አታስተምርም፤ የምታስተምረው መከራን ማየት መልመድን ነው።

«ካልሆነልኝ እለቃታለሁ» የሚለውም መልስ አያዋጣም። ከትውልድ ስፍራዋ ውጭ የተለቀቀች እስስት ወይ ትሞታለች፣ ወይ ሌላውን ታጠፋለች። ለዚህ የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 በጣት የማይቆጠሩ የጃክሰን እስስቶች ከኬንያ ወደ ሐዋይ ደሴቶች ለሽያጭ ተወስደው ነበር። ከጉዞው ብዛት ተዳክመው ስለ ደረሱ ያገግሙ ዘንድ በአንድ ግቢ ተለቀቁ። ከዚያም ሾልከው በደሴቱ ተራቡ። በዘመናት ውስጥ እስስት ኖራበት በማታውቅበት በዚያ አገር ዛሬ በዱር ይገኛሉ፤ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙትን የሐዋይ ቀንድ አውጣዎች እየበሉም ጉዳት ያደርሳሉ። ለእንስሳቱ በማዘን የተደረገ አንድ ያልታሰበበት ተግባር ሌሎችን ፍጥረታት አስከፍሏል።

እስካሁን የተናገርኩት በሩቅ አገር ቤቶች ስለምትኖረው እስስት ነው። ወደ አገራችን ስንመለስ ግን ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። በእኛ አገር እስስት ከሱቅ የምትገዛ ሳትሆን ከአጥራችን ላይ የምትገኝ ናት። ኢትዮጵያ በሌላ አገር የማይገኙ የእስስት ዝርያዎች አሏት። በባሌ ተራሮች የሐረና ጫካ ስም የተሰየመ አንድ ዝርያ አለ፤ ሌላው ደግሞ ሳይንሳዊ ስሙ «ባለ ሁለት ቀንዱ የባሌ» የሚል ትርጉም አለው። ጫካው ሲመነጠር ሄደው የሚሸሸጉበት ሌላ ባሌ የላቸውም። አብዛኞቹ የእስስት ዝርያዎች ያለ ፈቃድ ከአገር ወደ አገር እንዳይሸጡ የሚከለክል ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፤ አገራችንም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግም ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳን ማደንና መያዝን ይቆጣጠራል። ሆኖም ሕግ በየአጥሩ ሥር ዘበኛ ሊያቆም አይችልም። በየአጥሩ ሥር የሚያልፈው ተማሪ ነው።

ስለሆነም፣ እናንተ ወጣቶች፣ በእኔ አስተያየት ለእስስት ልትሰጧት የምትችሉት የተሻለ ቤት አሁን ያለችበት ቁጥቋጦ ነው። ለዚያ ቤት የምትከፍሉት የአምፖል ዋጋ የለም። ፀሐዩ ልክ አለው፤ ጤዛው በሰዓቱ ይወርዳል፤ ሌሊቱም በራሱ ይመሻል። ከእናንተ የሚጠበቀው ድንጋዩን መጣል፣ እጅንም መሰብሰብ ነው። ከዚያም ሁለትና ሦስት እርምጃ ርቃችሁ ቁሙና ተመልከቱ። ማስታወሻ ደብተር ያዙ። በስንት ሰዓት እንዳያችኋት፣ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ብላ እንደነበረች፣ አየሩ ብርድ ወይም ሙቀት እንደሆነ፣ ቀለሟ ጧት ምን፣ ቀትር ላይ ምን እንደነበረ ጻፉ። ጧት ጎኗን ለፀሐይ ሰጥታ ጠቆር ብላ ብታገኟት፣ ተቆጥታ ሳይሆን እየሞቀች ሊሆን ይችላል። አንድ ወር እንዲህ የተመለከታት ተማሪ፣ እኔ በሰባት ቀን ከካርቶኑ ውስጥ ካወቅሁት እጅግ የበለጠ ያውቃል፤ እስስቲቱም በሕይወት ትኖራለች።

ይህ ትምህርት ለእስስት ብቻ የሚሆን አይደለም። ከቤታችን የታሰረው ውሻ፣ ጭነት የሚሸከመው አህያ፣ በቅርጫት ታጉራ ወደ ገበያ የምትሄደው ዶሮ፣ ሁሉም የሚፈልጉትን በአካላቸውና በጠባያቸው ይናገራሉ። ልሳናቸው ከእኛ ስለ ተለየ ጥያቄ የላቸውም ማለት አይደለም። አያቴ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ነገር ግን አንድ ፍጡር በእጄ ሲገባ፣ ከመውደዴ በፊት የእርሳቸው ጥያቄ ይቀድመኛል፦ «ምን እንደምትፈልግ ጠይቀሃታል?» መልሱን ሳናውቅ የምንዘጋው በር፣ በማንኛውም ስም ብንጠራው፣ የእስር ቤት በር ነው።